የአርማትያሱ ዮሴፍ፤ መቃብሩን ለሌላ የሰጠ ሰው



በየዓመቱ በዚህች መጽሔታችን ላይ ወንድሞችና እኅቶች የጻፉትን እያነበብን ስንማር ቆይተን፣ ዘንድሮ ደግሞ እኛም እንድንጽፍ ስለ ተጠየቅን ብዕር አንሥተናል። ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል አያልፍም። ዕድሜያችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስንመዘግብ፣ ፋይል ስናወጣና ስንመልስ ነው። ስለዚህ የሊቃውንት ትርጓሜ አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ቢኖር ከወዲሁ ይቅርታ እንለምናለን። የምንጽፈው ከመጻሕፍት ያነበብነውንና ከአባቶች የሰማነውን ነው፤ የምንመለከተውም በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዓይን ነው።

የምናወሳው ሰው የአርማትያሱ ዮሴፍ ነው። በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ስሙን ሰምቶታል። ዳሩ ግን ሰምተን እናልፋለን እንጂ ቆም ብለን ይህ ሰው ማን ነበር ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። በእድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዳለ እናውቃለን። ታሪኩ ከወንጌል የተገኘ ቢሆንም ነገሩ የቀብር ነገር ነው፤ የቀብር ነገር ደግሞ የሁላችንም ስለሆነ ማንም ቢያነበው ባዕድ አይሆንበትም ብለን እናምናለን።

የሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ከልደቱ ይጀመርና በትምህርቱ፣ በጋብቻውና በሥራው አልፎ በሞቱ ያበቃል። የዮሴፍ ታሪክ እንዲህ አይደለም። ማቴዎስም፣ ማርቆስም፣ ሉቃስም፣ ዮሐንስም ስሙን ያነሣሉ፤ አራቱም የሚያነሡት ግን በአንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የለም፤ ከዚያ ቀን በኋላም የለም። ሰዓቱ ሳይቀር ይታወቃል። ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠው በ9 ሰዓት ነው። የዚያ ዘመን የሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ስለሆነ መቀየር አያስፈልገውም። ፀሐይ ስትገባ፣ ማለት በ12 ሰዓት ግድም፣ ሰንበት ይጀምራል። እንግዲህ የዚህ ሰው ታሪክ በሙሉ የ3 ሰዓት ታሪክ ነው። እንዲያውም ማርቆስ ዮሴፍ ወደ ገዢው የገባው ቀኑ ሲመሽ ነው ስለሚል ከ3 ሰዓትም ያነሰ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የሠራው ሥራ ግን ይኸው 2000 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲነገር ይኖራል።

አገሩ አርማትያስ ነው። ሉቃስ የአይሁድ ከተማ መሆኗን ይናገራል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ አርማትያስን የነቢዩ የሳሙኤል አገር ከሆነችው ከአርማቴም ጋር አንድ ያደርጋታል። ሐና ልጅ አጥታ የኖረችባት፣ ኋላም ሳሙኤልን የወለደችባት አገር ማለት ነው። ዮሴፍ ግን መቃብሩን ያዘጋጀው በኢየሩሳሌም አጠገብ ነው። ሰው መቃብሩን የሚያሰናዳው ኑሮዬ እዚህ ነው ባለበት ቦታ ስለሆነ፣ ዮሴፍም ከትውልድ አገሩ ወጥቶ በከተማው ኑሮውን የመሠረተ ሰው እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን ከአገር ቤት መጥተን በከተማ የቀረን ስለሆንን ይህ ነገር ይገባናል።

በኑሮው ባለጠጋ ነበር። በማዕርጉም የሸንጎ አባል ነበር። የአይሁድ ታላቅ ሸንጎ ከሊቀ ካህናቱ ጋር 71 ሰዎች የነበሩበት ነው፤ የሃይማኖቱንም የሕዝቡንም ጉዳይ የሚዳኝ ከፍተኛ ጉባኤ ነው። ዮሴፍ እዚያ ወንበር የነበረው ሰው ነው። ጠባዩን ሉቃስ ሲገልጽ ደግና ጻድቅ ይለዋል፤ የእግዚአብሔርን መንግሥትም ይጠባበቅ ነበር። ሸንጎው በጌታ ላይ በወሰነው ውሳኔ እንዳልተስማማም ይመሰክርለታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማይሸሸግ ነገር አለ። ዮሐንስ እንደ ጻፈው ዮሴፍ የጌታ ደቀ መዝሙር ሆኖ ሳለ አይሁድን ስለ ፈራ ነገሩን ደብቆ ይዞ ነበር። አለመስማማቱ ተጽፎልናል፤ ተነሥቶ መናገሩ ግን የትም አልተጻፈም። እኛም ብዙ ስብሰባ ተቀምጠን ስላየን ነገሩን እናውቀዋለን። በልቡ የማይስማማ ሰው ሁሉ እጁን አያወጣም። አንዱ ሥራውን ይፈራል፣ አንዱ ወዳጁን ያፍራል፣ ሌላው ደግሞ እኔ ብናገር ምን ይለወጣል ይላል። ቃለ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ ተብሎ ይጻፋል። ዮሴፍም ክብር ነበረው፣ ሀብት ነበረው፤ የሚያጣው ብዙ ነገር ነበረው። ስለዚህ ጌታ በሕይወት ሳለ ከጎኑ ሲቆም አላየነውም። ይህን የምንጽፈው ልንነቅፈው ሳይሆን፣ በኋላ የሠራው ሥራ ምን ያህል እንደ ከበደው እንድናስተውል ብለን ነው።

የዚያን ዘመን የስቅላት ቅጣት ምን እንደ ነበር ካላወቅን የዮሴፍን ሥራ ክብደት አናውቀውም። ሮማውያን ሰውን ሲሰቅሉ ዓላማቸው መግደል ብቻ አልነበረም፤ ማዋረድም ነበር። ብዙ ጊዜ ሬሳው እዚያው ተሰቅሎ ይቀርና የአሞራና የውሻ ሲሳይ ይሆናል። ዘመድ መጥቶ ይሰጠኝ ቢል የመስጠትና የመከልከል ሥልጣኑ የገዢው ነው። በአይሁድ ዘንድ ግን ሕጉ ሌላ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈው በእንጨት የተሰቀለ ሰው ሬሳ እንደ ተሰቀለ አያድርም፤ በዚያው ቀን መቀበር አለበት። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፉስም ወገኖቹ ለቀብር የሚያደርጉት ጥንቃቄ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ በስቅላት የተቀጡትን እንኳ ፀሐይ ሳትገባ አውርደው ይቀብሩ እንደ ነበር ጽፏል።

ለዚህ የሚዳሰስ ማስረጃ ተገኝቷል። በ1968 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ሰሜን በኩል የጥንት መቃብር ሲቆፈር የሐናን የሚባል ሰው አጥንት በድንጋይ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። በተረከዙ አጥንት ውስጥ የብረት ምስማር እንደ ተሰካ ነበር። ጫፉ ስለ ታጠፈ ሲቀብሩት ሊነቅሉት አልቻሉም ይባላል። ስለዚህ በስቅላት የሞተ ሰው ወገን ካለው በክብር ሊቀበር ይችል እንደ ነበር ታውቋል። ወገን ከሌለውስ? በአይሁድ የሕግ ትምህርት በሸንጎ ፍርድ የተገደለ ሰው በአባቶቹ መቃብር አይገባም፤ ለእንደዚህ ያሉት የተለየ የመቃብር ቦታ ነበራቸው። እንግዲህ አንድ ደፋር ሰው ባይነሣ ኖሮ የጌታ ሥጋ የሚሄደው ወይ ወደ ውሻና አሞራ፣ ወይ ደግሞ ወደ ወንጀለኞች ጉድጓድ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ በዚያ ሰዓት ማን ነበረ? ደቀ መዛሙርቱ አብዛኞቹ ሸሽተዋል። እናቱና ጥቂት ሴቶች በመስቀሉ አጠገብ ነበሩ፤ ነገር ግን ከገሊላ የመጡ የሰው አገር ሰዎች ናቸው። በኢየሩሳሌም ርስት የላቸውም፣ መቃብር የላቸውም፣ ከገዢው ደጅ የሚያስገባ ማዕርግም የላቸውም። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው በዚያ ቀን ሁሉም ፈራጅ፣ ሁሉም ተሳዳቢ ሆኖ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ ይሄዳል። 12 ሰዓት ከሆነ ሰንበት ገባ፤ ሥራ የለም፣ ቀብርም የለም።

ዮሴፍ የተነሣው በዚህን ጊዜ ነው። ማርቆስ ደፍሮ ወደ ጲላጦስ እንደ ገባ ይጽፋል። ይህች ድፍረት የምትል ቃል በጣም ትገርመናለች። ጌታ በሕይወት ሳለ፣ ተአምር ሲያደርግ ሕዝቡ ሲከተለው በነበረ ጊዜ፣ ደቀ መዝሙሩ ነኝ ማለት ይቀል ነበር። ያን ጊዜ ፈራ። ጌታ ተፈርዶበት፣ ተዋርዶ፣ ሞቶ፣ ነገሩ ሁሉ ያበቃ በመሰለ ጊዜ ግን ደፈረ። ከሞተ ሰው ደግሞ ምንም አይገኝም። ሹመት የለም፣ ምስጋና የለም፣ ብድር መላሽ የለም። ሰው ለሰው ከሚያደርገው ሁሉ ውለታ የማይጠበቅበት ሥራ ቢኖር ቀብር ነው።

ጳንጥዮስ ጲላጦስ ይሁዳን የገዛው ከ26 እስከ 36 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ነው። ዮሴፍ ገብቶ ሥጋውን ሲለምን ጲላጦስ ተገረመ፤ እንዲህ ፈጥኖ ይሞታል ብሎ አልጠበቀም ነበርና። ከዚያ የመቶ አለቃውን አስጠርቶ ከሞተ ቆየት ብሎ እንደ ሆነ ጠየቀው። የመቶ አለቃው ሲያረጋግጥ ጊዜ ሥጋው ለዮሴፍ እንዲሰጠው ፈቀደ። ይህን ስናነብ እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎች ፈገግ እንላለን። አመልካች አለ፤ አመልካቹ የታወቀ ሰው ነው። ኃላፊው በአመልካቹ ቃል ብቻ አልወሰነም፤ በቦታው የነበረውን ሹም ጠርቶ ማስረጃ ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ ፈቀደ። ሥርዓቱን የጠበቀ ጉዳይ ነው። ለዚህም ነው የጌታ ሞት በወዳጅ ወሬ ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ሹም ቃል የተረጋገጠ ሆኖ የተጻፈው። በዮሴፍ በኩል ግን የዚህ ማመልከቻ ዋጋ ከባድ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምሥጢሩ ወጣ። ሸንጎው የፈረደበትን ሰው ሥጋ የሸንጎው አባል ሲለምን ሁሉም አወቀ።

ፈቃዱን እንዳገኘ በፍታ ገዛ። ሥጋውን ከመስቀል አወረደ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ሰው ደረሰለት፤ እርሱም ኒቆዲሞስ ነው። ኒቆዲሞስ ቀደም ሲል በሌሊት ወደ ጌታ ሄዶ የተማረ የአይሁድ አለቃ ነው። ሁለት የሚፈሩ ሰዎች በቀን ብርሃን ተገናኙ። ኒቆዲሞስ ያመጣው የከርቤና የእሬት ቅልቅል 100 ንጥር ያህል ነው፤ በዛሬው ሚዛን 33 ኪሎ ግድም ይሆናል። ይህ ለአንድ ተራ ሰው ቀብር የሚወጣ አይደለም፤ ለነገሥታት የሚወጣ ነው። ሁለቱ ሆነው እንደ አይሁድ የአገናነዝ ልማድ ከሽቱው ጋር በበፍታ ገነዙት።

እዚህም ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 መሠረት ሬሳ የነካ ሰው 7 ቀን ርኩስ ሆኖ ይቆያል። ሰሞኑ የፋሲካ በዓል ነው፤ ሰው ሁሉ ራሱን አንጽቶ በዓሉን ለማክበር የሚሰናዳበት ነው። ዮሴፍ የሸንጎ አባል፣ ሕግ አዋቂ ሰው፣ በእንደዚህ ያለው ጊዜ በእጁ ሬሳ ሲነካ ከበዓሉ ሥርዓት ራሱን እያገለለ መሆኑን ያውቃል። አገልጋይ ልኮ ማስገነዝ ይችል ነበር፤ ወንጌላውያኑ ግን ሥራውን የእርሱና የኒቆዲሞስ አድርገው ጽፈውታል።

ከዚያ መቃብሩ ይመጣል። በተሰቀለበት ስፍራ አጠገብ የአትክልት ቦታ ነበረ፤ በዚያም ከዓለት የተወቀረ፣ ማንም ያልተቀበረበት አዲስ መቃብር ነበረ። ማቴዎስ የዮሴፍ የራሱ መቃብር እንደ ነበር ይነግረናል። ዓለት ወቅሮ መቃብር ማሠራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። በእኛም አገር ቢሆን ሰው ሳይሞት በቤተ ክርስቲያን ግቢ የመቃብር ቦታ ለማግኘትና ፉካ ለማሠራት ስንት ደጅ እንደሚጠና ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዮሴፍ ለራሱ ብሎ፣ ልጆቼም ያርፉበታል ብሎ ያሠራውን፣ እርሱ ሳይገባበት ለሌላ ሰጠ። ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ ደጁን ዘጋው። መግደላዊት ማርያምና የዮሳ እናት ማርያም የት እንዳኖሩት ቆመው ይመለከቱ ነበር። ከዚያ ዮሴፍ ሄደ። ሰንበት ገባ። ወንጌላውያኑ ከዚህ በኋላ ስለ ዮሴፍ አንድ ነገር አልጻፉም።

እንግዲህ የዚህ ሰው ጥቅም ምኑ ላይ ነው ብንል አንደኛው ይህ ነው። መቃብሩ ታወቀ። ሥጋው ከብዙ ሬሳ ጋር በአንድ ጉድጓድ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሴቶቹ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን በማለዳ ሽቱ ይዘው የሚሄዱበት ስፍራ ባልኖረ ነበር፤ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ የሚለውንም ወሬ የሚናገር ባልተገኘ ነበር። የክርስቲያኖች ታላቅ በዓል ትንሣኤ የሚቆመው በዚያ በታወቀው መቃብር ላይ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሃይማኖቱን በአጭሩ ሲያስረዳ ከሞቱና ከትንሣኤው መካከል መቀበሩን ሳይዘነጋ አስገብቷል። በጸሎተ ሃይማኖትም እንዲሁ ነው።

በጸሎተ ሃይማኖት ነገር ግን አንድ የሚያስገርመን አለ። የጲላጦስ ስም በጸሎቱ ውስጥ አለ፤ የዮሴፍ ስም የለም። መቀበሩ አለ፤ የቀባሪው ስም ግን አልተጠቀሰም። ይህ በመዝገብ ቤት ዘወትር የምናየው ነገር ነው። በፋይሉ ላይ የሚቀረው የፈራሚው ስም ነው። ዝናብ ላይ ወጥቶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ተሸክሞ ሥራውን የፈጸመው ሰው ስም በአብዛኛው አይገኝም። ሥራው ግን አለ። ጸሎቱን ስንደግም መቀበሩን በተናገርን ቁጥር ስሙን ሳንጠራ የዮሴፍን ሥራ እንመሰክራለን።

ስሙ ጨርሶ ተረሳ ማለታችን ግን አይደለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ሥጋውን ሲገንዙ ሕያውነቱን የሚናገረውን የቅድስና ምስጋና ከእርሱ እንደ ተማሩ ይነገራል። ምእመን ሲሞትም በመጽሐፈ ግንዘት ሥርዓት ተጸልዮለት ይቀበራል፤ ገናዦቻችን የሚሠሩት ሥራ እነዚያ ሁለቱ የሠሩት ነው። በግሪክ ኦርቶዶክሶች ዘንድ በዓሉ ጁላይ 31፣ በካቶሊኮች ዘንድ ደግሞ ኦገስት 31 ይከበራል። በአውሮፓ ቀብር የሚያስፈጽሙ ሰዎች ጠባቂያችን ይሉታል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች ዮሴፍ ባሕር ተሻግሮ ግላስተንበሪ በሚባል ስፍራ ክርስትናን ሰብኳል የሚል ታሪክ አውጥተዋል። ይህ በወንጌል የሌለ የኋላ ዘመን ተረት ነው፤ ሆኖም አገሮች ሁሉ ይህን ሰው የእኛ ነው ለማለት እንደ ጓጉ ያሳያል።

መቃብሩ ያለበትን ስፍራ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶበት በ335 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ተባረከ። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ብዙ ጊዜ ፈርሶ የታደሰ ነው። በውስጡ የሶርያ ኦርቶዶክሶች በሚጸልዩበት ክፍል በኩል ከዓለት የተወቀሩ የጥንት መቃብሮች አሉ፤ የዮሴፍና የኒቆዲሞስ መቃብር ነው እየተባለ ይጎበኛል። የእኛም አገር መነኮሳት ከዚያው ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ዴር ሡልጣን በሚባለው ገዳም፣ ይኖራሉ። ስለዚህ ያ ዮሴፍ የሰጠው መቃብር ከኢትዮጵያውያን ጋር እስካሁን ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሕሊናችን አይፈቅድልንም። ቀድሞ በኖርንበት ሰፈር የእድሩን መዝገብ የምንይዘው እኛ ነበርን። በሰፈሩ ከአገር ቤት የመጣ፣ ዘመድ የሌለው፣ በጉልበት ሥራ የሚያድር አንድ ሰው ነበር። መጠጥ ያዘውና ወርኃዊ መዋጮውን ለ8 ወር ሳይከፍል ቀረ። በደንቡ መሠረት ስሙ ተሠረዘ። የሠረዝነውም እኛ ነን፤ በቀይ እስክሪብቶ አስምረን፣ ቀን ጽፈን፣ ፈርመን። አንድ ጧት በተከራያት ክፍል ሞቶ ተገኘ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። መዝገቡ ይምጣ ተባለና ገልጠን መሠረዙን አነበብን። ያነበብነው ትክክል ነበር፤ ደንቡም ደንብ ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሁሉም አቀርቅሮ ዝም አለ። እኛም፣ ሰውየው ስንት ቀን ሸክማችንን ያገዘን ሆኖ ሳለ፣ ዝም አልን። ነገሩ የከተማው አስተዳደር ያንሣው ወደሚለው እያዘነበለ ሳለ፣ እንጀራ እየሸጡ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ገቡ። በእጃቸው የታጠፈ አቡጀዲ ይዘዋል። ለራሳቸው መገነዣ ብለው ገዝተው በሣጥን ካስቀመጡት ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። አመጡና በተገለጠው መዝገብ ላይ አኖሩት። ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ የሚነገረው አጭር ነው። አንዱ ተነሣ፣ ሁለተኛው ተነሣ። ጡሩምባው ተነፋ፤ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ወጣቶች ሄዱ። እኛም የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝን። እኒያ እናት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያርፉ መገነዣቸውን ሰፈሩ አዋጥቶ ገዛላቸው። የዮሴፍን ታሪክ ባነበብን ቁጥር የሚታዩን እሳቸው ናቸው። እኛ ያን ቀን ከሸንጎው ወንበር ላይ ነበርን፤ በልባችን ሳንስማማ ዝም ያልን። ከዮሴፍ የምንጽናናበት ነገር ቢኖር እርሱም ዝም ብሎ የነበረ መሆኑ ነው፤ ዳሩ ግን ሰዓቱ ሳያልፍ ተነሥቷል።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እንፈልጋለን። በሰፈራችን ቀባሪ የሌለው ሰው ሲሞት፣ አባል ቢሆንም ባይሆንም፣ ሃይማኖቱም ምንም ቢሆን፣ በሃይማኖቱ ሥርዓት የሚቀበርበት ጥቂት ገንዘብ ለብቻው እንዲቀመጥና ለብቻው መዝገብ እንዲከፈት ነው። የማይከፍል ሰው ከተቀበረ ማን ይከፍላል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እኛም መዝገብ ይዘን ስለኖርን ነገሩ ተራ ጥያቄ አለመሆኑ ይገባናል። መልሳችን ይህ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ለኀዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ ለከፋዩ አባል ይሁን። መገነዣ ጨርቅ፣ ጉድጓድና አራት ተሸካሚ ግን ለማንም ሰው አይከልከል። ዮሴፍም ከዚህ ብዙ አላደረገም፤ ጨርቅ ገዛ፣ ተሸከመ፣ መቃብር ሰጠ።

መዝገቡን ለመያዝ ዓይናችን እስካየ ድረስ እኛ ያለ ክፍያ ፈቃደኞች ነን። ለዚያ መዝገብ የሠረዝ ቀይ እስክሪብቶ አያስፈልገውም።

በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን ለተለዩት ሁሉ ፈጣሪ ዕረፍተ ነፍስን፣ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን። ለከርሞው በደኅና ያገናኘን።